መጠይቁ ለማን ደረሰ?

በቅርቡ የከሰዓቱ ፈረቃ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚል በኢንተርኔት የሚሞላ መጠይቅ ተላከልን። ቢሮ ባለው ኮምፒውተር የሞላው ባልደረባዬ ቶሎ ጨረሰ። እኔ በስልኬ ስከፍተው ሰንጠረዡ ከስክሪኑ አልፎ ወጣ፤ ምርጫዎቹን ለማየት ወደ ጎን መግፋት ነበረብኝ። ልጨርስ ስል ኔትወርክ ጠፋና የሞላሁት ሁሉ ከንቱ ቀረ። በከሰዓቱ ፈረቃ የሚማሩት ደግሞ አብዛኞቹ ስልክ የሌላቸው እናቶች ናቸው፤ እነሱ ጭራሽ አልተጠየቁም። ይሄ ነገር ከታሪክ አንድ የታወቀ ስህተት አስታወሰኝ።

እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲቃረብ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ ታዋቂ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መጠይቅ በፖስታ ላከ። 2.4 ሚሊዮን ገደማ መልስ መጣለት። ከ1916 ጀምሮ በአምስት ምርጫዎች አሸናፊውን በትክክል ተናግሮ ስለነበር ሰው ያምነው ነበር። አሁን ደግሞ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ውጤቱ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ አሸነፈ፤ መጽሔቱም በ1938 ተዘጋ።

ምን ነካው? አድራሻዎቹን በብዛት የወሰደው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ኑሮው ሻል ያለ ሰው ነው። ከተላከላቸውም ሦስት አራተኛው ያህል አልመለሱም። ጆርጅ ጋሉፕ ግን 50 ሺህ ያህል ሰዎችን ብቻ ከየኑሮ ደረጃው ጠይቆ ሩዝቬልት እንደሚያሸንፍ ተናገረ። ስለዚህ የመልስ ብዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም ማለት ነው።

በእኛ ዘመንና በእኛው አካባቢ የሆነውንም እንይ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ሕዝቧን ስትቆጥር ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ፋንታ ታብሌት ተጠቀመች፤ 47.6 ሚሊዮን ያህል ሰው ተቆጠረ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ታብሌቱ የነበረው በቆጣሪው እጅ ነው። ቆጣሪው ቤት ለቤት ስለሚዞር፣ ለመቆጠር የራስ ስልክ መያዝ አላስፈለገም።

እንግዲህ እኛም መጠይቅ ስናዘጋጅ በቅድሚያ በርካሹ ስልክ ከፍተን እንሞክረው። ጥያቄው አጭር ይሁን። ስልክ ለሌለው ወረቀት እንያዝ፤ ማንበብ ለማይችል ቁጭ ብለን እናንብብለት። ተማሪዎችም ውጤት ሲነገራችሁ “ስንት ሰው መለሰ?” ብቻ ሳይሆን “ማን ቀረ?” ብላችሁ ጠይቁ። ያልጠየቅነውን ሰው ዝም አለ ማለት አንችልም።