ከዝግባ ጣውላ ወደ ባሕር ማዶ ኤምዲኤፍ

ቬኒየር ከግንድ ተልጦ ወይም ተቆርጦ የሚወጣ ስስ የእንጨት ገጽ ነው። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ውፍረቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠው በቁጥር 4408 ይመዘገባል። ተደራርቦና ተጣብቆ ኮምፔርሳቶ ሲሆን ወደ 4412 ይሻገራል፤ ከተፈጨ እንጨት የሚጫኑት ቦርዶች ደግሞ፣ ቺፑድ በ4410፣ ኤምዲኤፍ በ4411 ይገባሉ። የኢትዮጵያንና የኬንያን ግዢ በ4408 ብቻ ማወዳደር የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው። ቬኒየርን ለብቻው የሚገዛ አገር የሚጣበቅበትና የሚጫንበት ፋብሪካ ሊኖረው ይገባል። ፋብሪካው የሌለው ያለቀለትን ቦርድ ይገዛል፤ የ4408 ዓምዱ ባዶ ቢሆን እንኳ ከውጭ እንጨት አልተላቀቀም።

የሁለቱ አገሮች መንገድ የተለያየው ጉምሩክ ጋ ሳይሆን ደን ላይ ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች ጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው እንጨት ተመናምኖ፣ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ባሕር ዛፍ ገባ። ባሕር ዛፉ የማገዶንና የግድግዳን ችግር አቃለለ። ለበር፣ ለወለልና ለቁምሳጥን ግን ዝግባ፣ ጥድ፣ ዋንዛና ቀረሮ ከተፈጥሮ ደን እየተቆረጡ ይመጡ ነበር። እነዚህ ዛፎች የሚቆረጡትን ያህል አልተተከሉም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን የግል ደኖችም አብረው ተወረሱ። የ1986ቱ የደን አዋጅ ቁጥር 94 ደግሞ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከለከለ። ክልከላው ተገቢ ነበር፤ የጎደለው በቦታቸው ለፋብሪካ የሚሆን የተተከለ ደን ነው።

ኬንያ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ የፈረንጅ ጥድና ፓይን በሰፊው ተክላለች። ሻምባ በተባለው ሥርዓት ገበሬው በችግኞቹ መካከል እያረሰ ችግኙን ይንከባከባል። በዚህ ደን ላይ እንደ ራይፕላይና ቲምሴልስ ያሉ የኮምፔርሳቶ ፋብሪካዎች ቆሙ። በ1992 ዓ.ም. በመንግሥት ደን መቁረጥ ሲታገድ እንኳ ሁለቱ ከእገዳው ውጭ ሆነው ሥራቸውን ቀጠሉ። በየካቲት 2010 ዓ.ም. የወጣው እገዳ ጠንከር ያለ ስለነበር ገበያው ወደ ጎረቤት አገሮች እንጨት አዘነበለ። እገዳው በ2015 ዓ.ም. ተነሣ።

የምሥራቅ አዲስ አበባ የቦርድ ፍላጎት በሰፊው ያደገው በኢትዮጵያ ከ1986ቱ ክልከላ በኋላ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ሲሠራ አካባቢው በአብዛኛው እርሻ ነበር። በደርግ ዘመን ሲኤምሲ የተባለው የጣሊያን ተቋራጭ የሠራው መንደር ስሙን ለሰፈሩ አወረሰ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ገርጂ ላይ በሙከራ ከተጀመረው ኮንዶሚኒየም ጋር ነው፤ ከዚያም ሰሚት፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ተከተሉ። ዕጣ የወጣለት ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የወጥ ቤት ካቢኔውንና ቁምሳጥኑን ራሱ ያሠራል፤ የሚያሠራውም 2.44 በ1.22 ሜትር ከሆነው ቦርድ ነው። ሕንፃው ሲነሣ ዙሪያውን የሚታሰረው አጣና የአገር ውስጥ ባሕር ዛፍ ነው፤ ውስጡን የሚያለብሰው እንጨት ግን በአብዛኛው የውጭ ነው። ቻይና ከባሕር ዛፍ ግንድ ሳይቀር ቬኒየር ትልጣለች። የኢትዮጵያው ግን ገና ቀጭን ሳለ ለአጣና ይቆረጣል። የማይጨው ፓርቲክል ቦርድ ፋብሪካ ባሕር ዛፍ ፈጭቶ ቦርድ ለመሥራት የቆመ ነው፤ ፍላጎቱ ግን ከአንድ ፋብሪካ አቅም በላይ ነው።

መጓጓዣውም ይለያያል። ኬንያ ሞምባሳ አላት። የኢትዮጵያ ቦርድ እስከ 1990 ዓ.ም. በዋናነት በአሰብ ይገባ ነበር፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ጅቡቲ ወርዶ በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል አዲስ አበባ ይደርሳል። ዋጋው ከውጭ ምንዛሪ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ጭማሪው የቦሌና የገርጂ ቤት ዕቃ ሠሪዎች ደጅ ለመድረስ ብዙ አልቆየም።