መጋዘኑ ባዶ በሚሆንበት ወራት

ከባሕር ዳር ወደ ጐንደር የተጓዘ ሰው ወረታን ያውቃታል። የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በመስኮት የሚታየው ሩዝ ነው፤ ጥቂት ሄደው ዳግመኛ ቢያዩም ያው ሩዝ ነው። እኛ የዚያው አገር ልጆች ነን። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስንገባ አንዲት አጭር ቴአትር አዘጋጅተን የምናሳይበት ቦታ አጣን። ሜዳ ላይ እንዳናሳይ ዝናቡ አይፈቅድም፤ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ፎገራ ውሃ የሚተኛበት አገር ነው። ፈልገን ፈልገን ዓይናችን ያረፈው ማሽኑ ከተነቀለ በቆየ አንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ላይ ነው። ዛሬ መጋዘን ሆኗል፤ በክረምት ግን ባዶውን ይከርማል።

«ልጆቼ፣ ይኼ እኮ የእህል ቤት ነው፤ የጨዋታ ቤት አይደለም» አሉን ዘበኛው። ነገሩ እውነት ስለሆነ የምንመልሰው አጥተን ሄድን። ጥያቄው ግን አብሮን ግቢ ገባ። ለመሆኑ አንድ ቤት ስንት ሥራ አለው?

ጐረቤታችንን ጋፋትን እንይ። ደብረ ታቦር አጠገብ ነው። አጤ ቴዎድሮስ ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩበት፣ የአገሬው ልጆችም ሙያ የተማሩበት ሥፍራ ነው። ሴባስቶፖል ወደ 70 ኩንታል እንደምትመዝን ይነገራል፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥታ፣ በሰው ጉልበት እየተጐተተች፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰች። መድፏ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለች። የተወለደችበት ቤት ግን የለም። በትምህርት ቤት ስለ ጋፋት ስንማር የንጉሡን ቁጣና የመድፉን ክብደት እንጂ፣ ብረት የቀለጠበትን ጣሪያ ማንም አስቦልን አያውቅም። ሥራው ሲያልቅ ቤቱም አብሮ አለቀ። የጥንቱ ልማዳችን ይኸው ነበር ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

በባቡሩ ዘመን ነገሩ ትንሽ ይለያል። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ዛሬ የምናየው የለገሃር ጣቢያ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ስሙ ራሱ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ጣቢያው» ማለት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከአሮጌው ጣቢያ ሳይሆን ከከተማው ዳር ተነሣ። የድሮው ጣቢያ ግን አልፈረሰም። ድሬዳዋም አሮጌዎቹ ባቡሮች ከነጥገና ቤታቸው ለጐብኝ ይታያሉ። ፓሪስ ውስጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 የተከፈተ አንድ የባቡር ጣቢያ በ1986 የኦርሴ ሙዚየም ሆነ። እኛን የሚገርመን ጣቢያ ከድሮውም ግማሽ ቴአትር መሆኑ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል፣ ያለቅሳል፣ ይተቃቀፋል።

ብሔራዊ ቴአትርን ጠቅሰን እንለፍ። ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ሕንጻ ነው፤ ተጠናቆ በ1948 ዓ.ም. በ«ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። ፋብሪካ አልነበረም፤ ነገር ግን አንዱ ያሰበውን ቤት ሌላው ለራሱ ጉዳይ ሊያውለው እንደሚችል ያሳያል።

ለወረታ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከሩቅ ነው የመጣው፤ ከኬፕታውን። እዚያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 የተሠራ 57 ሜትር የሚረዝም የእህል ጎተራ ነበር። በ2001 ሥራ አቆመ፤ በ2017 ዘይትዝ ሞካ የተባለ የአፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆነ። 42 የኮንክሪት ቱቦዎች ነበሩት፤ መሐንዲሶቹ መካከላቸውን በአንዲት የእህል ፍሬ ቅርጽ ፈልፍለው አዳራሽ አወጡ። ማለፊያ ሐሳብ ነው! እኛ ግን አንድ ቅሬታ አለን፤ ከላይ ውድ ሆቴል ተቀምጦበታል፣ ጎተራውም ከእንግዲህ እህል ልመልስ ቢል አይችልም። ተፈልፍሏላ።

የፎገራ ነገር ከዚህ ይለያል። ሩዝ ራሱ ለሜዳው እንግዳ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት አስሞከሩት፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ውሃ የሚተኛበትን መሬት ሩዝ ወደደው። ከሩዙ ጋር መፈልፈያው፣ ከመፈልፈያው ጋር መጋዘኑ መጣ። እንግዲህ ሩዙ በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። መጋዘን የሚራቆተው በክረምት ነው፤ ተማሪ አገሩ የሚገባውም በክረምት። ይህን ሂሳብ ለመሥራት መሐንዲስ አያስፈልግም።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ቤቱን ለውጡት አይደለም። ወንበር ከመሬት ጋር ከተበየደ ቤቱ ቴአትር ብቻ ይሆናል፤ ኅዳር ሲመጣ ገበሬው ማዳበሪያውን የት ያራግፍ? የሚነሣ አግዳሚ፣ የሚጠቀለል መጋረጃ፣ ከባዶ ሳጥን የሚቀጠቀጥ መድረክ ይበቃል። አንድ ቀን ቴአትር፣ አንድ ቀን ማሲንቆ፣ አንድ ቀን የሥዕል ትርኢት። ችግር የለም አንልም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተዋናይ እንኳ የራሱን ድምፅ አይሰማም፤ የሩዝ ገለባ ብናኝም ጉሮሮ ይይዛል፣ እሳትም ይወዳል። ሻማና ፋኖስ እዚያ ቤት አይገቡም።

በዚሁ አሳብ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ወደ ዘበኛው ተመለስን። በሩን ከፍተው አስገቡንና ወለሉን በእርምጃ ለካን፤ ርዝመቱ 22፣ ስፋቱ 11 እርምጃ። ጋፋትን አነሣንላቸው፤ ጎተራውን አነሣንላቸው። ዝም ብለው ሰሙንና፣

«ሩዙ ኅዳር ነው የሚገባው፤ እስከዚያማ አይጥ ነው የሚጫወትበት» አሉ እየሳቁ። ባለቤቱን ለሚመጣው ነሐሴ ሊጠይቁልን ቃል ገብተው ቁልፉን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።