ከማኖቬላ እስከ 48 ቮልት

በፎርድ ሞዴል ቲ ማታ የሚጓዝ ሰው መንገዱን የሚያየው ሞተሩ በፈቀደለት መጠን ነበር። ከ1915 ጀምሮ የተገጠመለት የኤሌክትሪክ መብራት ኃይል የሚያገኘው ከቮላኖው ጋር ከሚሽከረከር ማግኔቶ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን መብራቱ ይቦግጋል፤ ጭቃ ወይም ገደላማ መታጠፊያ ላይ ፍጥነት ሲቀንስ ደግሞ ይደበዝዛል። አሽከርካሪው ብርሃን በጣም በሚፈልግበት ሰዓት ብርሃን ያጣል ማለት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መፍትሔው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ተገኝቶ ነበር። የዴልኮ ኩባንያ መሥራች ቻርልስ ኬተሪንግ ለ1912ቱ ካዲላክ አንድ ማሽን ሠራ። ማሽኑ ቁልፍ ሲጫን ሞተሩን ያስነሳል፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ በሞተሩ ጉልበት እየዞረ መብራቱንም የሚመግበውን ባትሪ ይሞላል። የእርሳስና የአሲድ ባትሪን ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 ሠርቶታል፤ የጎደለው መኪናው እየሄደ የሚሞላው መሣሪያ ነበር። ሞተሩ በእጅ ተዞሮ የሚነሳበትና ወደ ኋላ እየመታ ክንድ ይሰብር የነበረው ማኖቬላ ከዚህ በኋላ ቀስ በቀስ ቀረ። በዘመኑ የነበሩት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ያለ ማኖቬላ የመነሳት ትልቁን ብልጫቸውን አጡ። በእኔ ግምት በቤንዚን መኪና ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ለውጥ ያመጣ ነገር ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ባትሪ በመሙላት ረገድ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዲናሞ ነገሠ። ዲናሞ የሚያመነጨው ኃይል በሙሉ ከሚሽከረከረው ክፍሉ በካርቦኖች በኩል ስለሚወጣ እጅግ በፍጥነት ሊዞር አይችልም፤ በሚኒሞ ደግሞ ይህ ነው የሚባል ነገር አያወጣም። የድሮ ቮልስ የነዳ ሰው ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ቀይዋ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ስትርገበገብ ያስታውሳል። ባትሪው በዚያች ቅጽበት እየሞላ አልነበረም።

የቮልቴጁም ነገር ነበረ። ባለ 6 ቮልት መኪና ከባለ 12 ቮልቱ እኩል ኃይል ለማግኘት እጥፍ ጅረት ስለሚያስፈልገው ሽቦው መወፈር አለበት፤ በየማያያዣው የሚባክነውም ይበዛል። አሜሪካኖቹ ትልልቅና ከፍተኛ እምቅታ ያላቸውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ሲያመጡ 6 ቮልቱ ሞተሩን ለማዞርም፣ ለካንዴላው ጠንካራ ብልጭታ ለመስጠትም አቃተው። ካዲላክ በ1953፣ ፎርድ በ1956 ወደ 12 ቮልት ተሻገሩ። ቮልስ ግን እስከ 1967 ሞዴል ድረስ ቆየ።

በ1960 ክራይስለር በቫሊያንት መኪናው ላይ አልተርኔተርን እንደ መደበኛ ዕቃ ገጠመ። ነገሩ ከዲናሞ የተገላቢጦሽ ነው። የሚዞረው ማግኔቱ ሲሆን ከባዱ ጅረት የሚመነጨው በማይንቀሳቀሰው የመዳብ ጥቅል ላይ ነው፤ በካርቦኖቹ የሚያልፈው ማግኔቱን የሚቀሰቅስ ጥቂት ጅረት ብቻ ነው። ስለዚህ ከሞተሩ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይፈጥናል፣ በሚኒሞም ይሞላል። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ የዘገየው አቅጣጫውን የሚቀያይረውን ጅረት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያስተካክሉት የሲሊከን ዳዮዶች ትንሽና ርካሽ እስኪሆኑ ነበር። ብዙውን ጊዜ ስድስት ናቸው፣ ከጀርባው ክዳን ሥር ተደርድረው ይገኛሉ። በጋራዦቻችን ዛሬም ዲናሞ እየተባለ የሚፈታውና የሚገጠመው ይኸው አልተርኔተር ነው።

እስከዚያ ድረስ ባትሪ የመሙላት ጉዳይ በዋናነት የማስነሳትና የመብራት ጉዳይ ነበር። በ1967 ቦሽ በቮልስዋገን 1600 ላይ የኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ ሲያስገባ ግን የሞተሩ ጉልበት ራሱ የቮልቴጅ ጉዳይ ሆነ። የነዳጅ መርጫ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቧንቧ ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ ዘግይቶ ይከፈታል፤ ኮምፒውተሩም ይህን አስልቶ የመክፈቻውን ጊዜ ያራዝማል። ይሁን እንጂ ማካካሻው ገደብ አለው። ቮልቴጁ ይበልጥ ከወረደ የነዳጅ ፓምፑ ይዝላል፣ ቦቢናው ሙሉ ኃይል ስለማያገኝ ብልጭታው ይሳሳል፣ የኤሌክትሪክ መሪው ይከብዳል፣ አውቶማቲክ ማርሹ ይንገጫገጫል። ባለቤቱ «ሞተሩ ደከመ» ብሎ ካንዴላና ፊልትሮ ይቀይራል። ከስድስቱ ዳዮዶች አንዱ ሲቃጠል ደግሞ ባትሪው በመጠኑ እየሞላ እንኳ በመስመሩ ውስጥ የሚርገበገብ ጅረት ይገባል፤ ሴንሰሮቹ የሚልኩት ምልክት ይዛባል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ምንም የማይገናኙ መብራቶች ይበራሉ። ለማያውቀው መኪናው ያበደ ይመስላል።

በሌላ በኩል አልተርኔተሩ ራሱ ከሞተሩ ይበላል። በ14 ቮልት 100 አምፔር ሲያወጣ 1,400 ዋት ነው፤ ከሚወስደው ጉልበት 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚቀይር ከሞተሩ 3 የፈረስ ጉልበት ያህል ይጠይቃል። ይህ ለትልቅ ሞተር ምንም አይደለም። በ70 የፈረስ ጉልበት የሚሠራ ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ ግን አዲስ አበባ ላይ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በአየሩ መሳሳት ሩብ ያህል ጉልበቱን አስቀድሞ አጥቷል። መብራቱና ማራገቢያው በርተው፣ የደከመ ባትሪ እየሞላ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ልዩነቱ እግር ላይ ይታወቃል።

አምራቾቹም ይህን አይተዋል። ቢኤምደብሊው በ2007 አልተርኔተሩ በዋናነት ፍሬን ሲያዝና የነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ እንዲሞላ፣ ሞተሩ ሲጣደፍ ደግሞ እንዲያርፍ አደረገ። ዛሬ ብዙዎች ይህን ይከተላሉ። እንዲህ ያለው መኪና እየሄደ የቮልቴጅ ቆጣሪ 12.8 ቮልት ቢያሳይ ብልሽት አይደለም፤ ባለሙያው ሳያጣራ ጤነኛ ዲናሞ እንዳይፈታ።

ቀጥሎ የመጣው 48 ቮልት ነው። በ2016 ኦዲ ኤስኪው7 ላይ ይህ መስመር ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ የኤሌክትሪክ ኮምፕረሰር ያንቀሳቅስ ነበር። በብዙ ባለ 48 ቮልት መኪኖች ሞተሩን የሚያስነሳውም፣ ባትሪውን የሚሞላውም፣ ሲጣደፍ የሚያግዘውም አንድ ማሽን ነው፤ ልክ እንደ ኬተሪንግ ካዲላክ።

ኢትዮጵያ በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በመንገዳችን ላይ አልተርኔተር የሌላቸው መኪኖች እየበዙ ነው። እነሱም ቢሆኑ ከዚህ ታሪክ አልወጡም። አብዛኞቹ የትልቁን ባትሪ ቮልቴጅ እየቀነሰ የሚሞላው መቀየሪያ ያለው የ12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላቸው፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሳም።

የቤንዚን መኪና ያላችሁ አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ቆጣሪ አስይዙ። መኪናው አድሮ ሳይነሳ በባትሪው ጫፎች 12.6 ቮልት ገደማ፣ ተነስቶ ደግሞ፣ አልተርኔተሩ ከላይ እንዳልነው እያረፈ የሚሞላ ካልሆነ፣ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ከዚያ ፓውዛውንና ማራገቢያውን አብሩ፤ በሚኒሞ ከ13 በታች ከወረደና ካልተመለሰ ገንዘባችሁን ለባትሪ አታውጡ፤ መጀመሪያ ቺንጋውን፣ የባትሪውን ማሰሪያዎችና ዲናሞውን አሳዩ።