ስሙ ከጃቫ፣ ቡናው ከካፋ

አንባብያን ሆይ፣ ርዕሱ የቡና ወግ ቢያስመስለውም የማወጋችሁ ስለ መዝገብ ነው።

ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1995 ለዓለም ያቀረበው የኮምፒውተር ቋንቋ መጀመሪያ «ኦክ» ይባል ነበር። ስሙ በሌላ ድርጅት ተይዞ ስለ ተገኘ «ጃቫ» ተባለ፤ በአሜሪካኖች አፍ ቡና ማለት ነው። የቡናው ጥንተ ርስት የእኛው ደቡብ ምዕራብ ደን ሆኖ ሳለ ስሙን አንዲት የኢንዶኔዥያ ደሴት መውሰዷ ቅር ያሰኘኛል።

እኔ ሳሪስ ውስጥ ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የምውል፣ ሲመሽ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝ። ወደ መስኮቱ የሚመጣው ሰው አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ስሙን በአንድ ሠንጠረዥ፣ ገንዘቡን በሌላ፣ አድራሻውን በሦስተኛ ያኖራል። ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1970 የፀነሰው የአይቢኤም ባልደረባ ኤድጋር ኮድ ነበር። የኦብጀክት ዳታቤዝ ሰዎች ግን ደንበኛውን ሳንበታትን እንዳለ እናኑር አሉ። ዲቢፎርኦ በተባለው መሣሪያ በጃቫ የተፈጠረ «ደንበኛ» ከነሒሳቡ በአንድ ትእዛዝ ይቀመጥ ነበር።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ የቀን ጉዳይ ነው። የሠንጠረዡ የቀን ዓምድ የሚያውቀው የፈረንጅን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን «ሁለተኛ ወር፣ ሠላሳኛ ቀን» ብላችሁ ብትሰጡት፣ ፌብሩዋሪ 30 የለም ብሎ ይመልስላችኋል። ጳጉሜንማ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ናትና ከደጅ ትቀራለች። በጃቫ ግን ቀን የራሱን አቆጣጠር የሚያውቅ አካል ሊሆን ይችላል፤ ጆዳ ታይም የተባለው ነጻ መሣሪያ የእኛን ዘመን ከነጳጉሜኑ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከጃቫ 8 ጋር የመጣው የቀን ክፍል የጃፓንንና የታይላንድን አቆጣጠር ሲያካትት የእኛን ዘለለው። (በቡና ስም እየተጠራ!)

ያ የሙሉ አካል መዝገብ ግን ተሸነፈ። አምራቾቹ የጋራ ደንብ ያወጡበት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 ተበተነ፤ ዲቢፎርኦም በ2008 ለቨርሳንት ተሸጦ ቆይቶ በ2014 ተቋረጠ። ገጣሚነቴ ከተሸናፊው ጋር ነው። የባንክ ሠራተኛነቴ ግን ለሠንጠረዡ ይፈርዳል። እንዳለ የተቀመጠን አካል የሚያነበው ቅርጹን ያወጣለት ፕሮግራም ነውና፣ ፕሮግራሙ ሲለወጥ ወይም ባለቤቱ ሲጠፋ አሮጌው መዝገብ ዲዳ ሊሆን ይችላል። አንዲት እናት የሟች ልጃቸውን ሒሳብ ለመውረስ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዘው ሲመጡ፣ «የጻፈው ፕሮግራም የለም» ልላቸው አልችልም። ሠንጠረዥን ያልጻፈው ኦዲተርም ከሃያ ዓመት በኋላ ይጠይቀዋል።

ዛሬ ብዙዎቹ የጃቫ ሰዎች የያዙት የማስታረቅ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ሃይበርኔት በመካከል ቆሞ ያስተረጉማል፤ ፕሮግራሙ ሙሉ ሰው ያያል፣ መዝገቡ ሠንጠረዥ ሆኖ ይቀራል። ጤና ሚኒስቴራችን የሚሠራበት፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ዲኤችአይኤስ2 የተገነባው በዚሁ በጃቫና በሃይበርኔት ነው። ከአቆጣጠር ምርጫዎቹ መካከልም የኢትዮጵያ ይገኛል፤ ጳጉሜን እዚያ ገብታለች።