የብረት ሥራ ያሳደጋቸው ከተሞች፤ ዲትሮይትና መቀሌ

የከተማ ታሪክ ሲጻፍ የመሥራቾቹ ስምና የሕንፃዎቹ ውበት አብዝቶ ይነገራል፤ ከተማውን ያቆሙት የሠራተኞች እጆች ግን ሳይታወሱ ይቀራሉ። ስለዚህ የሁለት ከተሞችን ታሪክ፥ ይኸውም በአሜሪካ የዲትሮይትን፥ በአገራችን ደግሞ የመቀሌን፥ ከባለሙያው እጅ ጋራ አያይዘን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዲትሮይት በ1701 በፈረንሳዮች የተቈረቈረች ናት። በ1900 የሕዝብዋ ቍጥር ከ285 ሺህ ጥቂት ይበልጥ ነበር። ሄንሪ ፎርድ በ1903 ኩባንያውን አቋቋመ፤ በ1908 ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና አወጣ፤ በ1913 ደግሞ ሠራተኛው ወደ ሥራው መመላለሱ ቀርቶ ሥራው ራሱ እየተንቀሳቀሰ ወደ ሠራተኛው እንዲመጣ አደረገ። በዚህም ብልኀት አንድ ሻንሲ ለመገጣጠም ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ሥራ በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚያልቅ ሆነ። በ1914 የቀን ደመወዝ 5 ዶላር መሆኑ በተሰማ ጊዜ ሥራ ፈላጊው ከየአገሩ ጐረፈ። በ1950 የከተማይቱ ሕዝብ 1,849,568 ደረሰ።

ውድቀትዋ ግን ከዚያው ከከፍታዋ ላይ ጀመረ። ኩባንያዎቹ አዳዲሶቹን ፋብሪካዎች ሰፊ መሬት ወዳለበት ከከተማ ውጭ ወሰዱ። ጥቁሮች በሥራና በመኖሪያ ቤት ይደርስባቸው የነበረው አድልዎ ሲጠራቀም ቈይቶ በ1967 ሁከት ተነሣ፤ 43 ሰዎችም ሞቱ። ከ1973 የነዳጅ ችግር በኋላ ደግሞ ነዳጅ የሚቈጥቡት የጃፓን መኪናዎች ገበያውን ተሻሙ። በ2013 ከተማይቱ ዕዳዋን መክፈል ተስኗት መክሰርዋን ለፍርድ ቤት አስታወቀች፤ በ2020 ቈጠራም 639,111 ሰዎች ብቻ ተገኙባት። ባንድ ምሰሶ የቆመ ቤት ምሰሶው ሲነቃነቅ ጣራውም ግድግዳውም አብሮ ይነቃነቃል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ መቀሌ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የቤተ መንግሥት መቀመጫ፥ ከአፋር በግመልና በበቅሎ የሚመጣው የአሞሌ ጨው ገበያም ነበረች። በ1930ዎቹ ጣልያኖች ከአሥመራ ወደ አዲስ አበባ የመኪና መንገድ ሲሠሩ ዋናው መንገድ በቁሓ በኩል አለፈ፤ ስለዚህ ከመቀሌ በስተምሥራቅ ያለችው ቁሓ የመንገደኛ በር ሆነች። የጭነት መኪና በሚያልፍበት ስፍራ ሁሉ ጎማ የሚለጥፍ፥ የተሰበረ የሚበይድ ባለሙያ መነሣቱ አይቀርም። የብረት ሥራ ከቀጥቃጭ ወናፍ ወደ ጋራዥ የተሸጋገረው በዚህ መንገድ ነው።

በ1993 መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ በመቀሌ ተቋቋመ። ፋብሪካው ተሳቢ፥ የነዳጅ ቦቴና ገልባጭ እየሠራ ታወቀ፤ በ2016ም የፈረንሳዩን ፔጆ አውቶሞቢል መገጣጠም ጀመረ። የመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካ ቀድሞ ተነሥቶ ነበር፤ በ2017 ደግሞ የመቀሌ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ያደነቀው ፔጆውን ነው። እኛ ግን የበለጠ ትምህርት የሰጠው ተሳቢው ነው እንላለን። የአውቶሞቢሉ ሞተርና አካላት ተሠርተው ከባሕር ማዶ ይመጣሉ፤ የውጭ ምንዛሪ ሲታጣም ሥራው ይቆማል። ተሳቢና ቦቴ ለመሥራት ግን ላሜራውን መለካት፥ መቍረጥ፥ ማጠፍና መበየድ ያስፈልጋል፤ በቦቴ ላይ አንዲት ቀዳዳ የተወ በያጅ የሰው ሕይወት ለአደጋ ይዳርጋልና።

በኅዳር 2020 መግቢያ በትግራይ ጦርነት ተነሣ። በዚያው ወር መስፍን ኢንዱስትሪያል ካሉባቸው 34 ድርጅቶች የባንክ ሒሳብ ታገደ። ባንክ፥ መብራት፥ ስልክና ነዳጅ ተቋረጡ፤ ፋብሪካዎች ተጐዱ፥ ንብረታቸውም ተዘረፈ። በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት የተፈረመው ኅዳር 2 ቀን 2022 ነው።

እንግዲህ የሁለቱ ከተሞች አወዳደቅ የተለያየ ነው። ዲትሮይትን ገበያና አድልዎ በስድሳ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ አደከሟት፤ የመቀሌን ፋብሪካዎች ግን ጦርነት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አቆማቸው። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ባለሙያው ወዴት ይሄዳል? መኪናው በገንዘብ ይገዛል፤ ፈርሶ የነበረ አዳራሽም ባንድ ዓመት ሊታነጽ ይችላል። የበያጅ እጅና የቶርኖ ሠራተኛ ዓይን ግን የብዙ ዓመት ልምምድ ፍሬ ናቸው። ባለሙያው እንጀራ ፍለጋ በስደት መንገድ ሲወጣ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ ሊማሩ ይችሉ የነበሩት ልጆችም ትምህርት ቤታቸውን አብረው ያጣሉ።

ዐፄ ምኒልክ በ1908 ሰውን በእጅ ሥራው መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ባለሙያን አለመስደብ መልካም መነሻ ነው፤ ባለሙያን አለመበተን ደግሞ የዘመናችን ተግባር ይሁን። ስለዚህ ባለሥልጣኖቻችን የሚጠገኑትን ፋብሪካዎች ሲቈጥሩ ወደ ሥራቸው የተመለሱትን ባለሙያዎችም አብረው ይቍጠሩ፤ መምህራን የእጅ ሙያን ከቀለም ትምህርት አሳንሰው አያሳዩ፤ ተማሪዎችም በቁሓ መንገድ የሚያልፈውን ተሳቢ ሲያዩ ያ ሁሉ ብረት የተያያዘው በሰው እጅ መሆኑን ያስቡ።