የሞተር ቁጥርና የጋራዥ ቃል፦ ያልተነበቡ የታሪክ ሰነዶች



በደብረ ታቦር ስለ ብረት ሥራ ታሪክ ሲነሣ ሁላችንም የዐፄ ቴዎድሮስን ጋፋት እንጠራለን። ከሴባስቶፖል መድፍ በኋላ ግን ትረካችን ይቋረጣል። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን ይመለከታል፦ አሮጌ ሞተር ፈትቶ የሚያድስ መካኒክ የሚያነበውን፣ እኛ የታሪክ ሰዎች ስለምን አናነበውም?

ሞተር ሰነድ ነው። አሜሪካውያን እንደ ፖንቲያክ ጂቲኦ ያሉትን የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጉልበታም መኪኖች ሲያድሱ አስቀድመው በሞተሩ ብረት ላይ ያለውን ምልክት ይመረምራሉ። በሸቭሮሌ ሞተር ላይ ብረቱ የተቀለጠበት ወር በፊደል፣ ቀኑና ዓመቱ በቁጥር ሰፍረው ይገኛሉ። ሞተሩ ከመኪናው ጋር አብሮ የተሠራ መሆኑ ከተረጋገጠ ዋጋው ይንራል። በእኛም አገር ሊብሬ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ይመዘግባል። ለአሜሪካዊው ሰብሳቢ ጉዳዩ የቅርስ ዋጋ ነው፤ ለእኛ ባለመኪና የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ከቁጥሩ ያለፈ ንባብም አለ። ሲሊንደር በሥራ ብዛት ሲበላ ተሰፍቶ፣ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ፒስተን ይገባለታል፤ ጭማሪው ብዙውን ጊዜ በፒስተኑ አናት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዋናው ዘንግ በአንጻሩ እየተፋቀ በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 ሚሊሜትር ይቀጥናል። ስለዚህ መለኪያ የያዘ መካኒክ ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደታደሰ መገመት ይችላል። ይህ በብራና ኅዳግ ላይ የተጻፉ እርማቶችን ከማንበብ በምን ይለያል?

ሁለተኛው ሰነድ ቃል ነው። ቴስታታ፣ ቢዬላ፣ ፋሻ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የተለመደው ማብራሪያ ወረራው ነው። የስታራቼ ባለመኪና ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም ሲሆን፣ የጎንደር ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም ነው። ስድስት ዓመት እንኳ ያልሞላ ዘመን ቃል ሊያስገባ ይችላል፤ ከ80 ዓመት በላይ ማኖሩን ግን አያስረዳም።

እኔ እንደማምነው ቃላቱን ያኖራቸው ጥገና ነው። አስመራ ከወረራው በፊትም በኋላም የጣሊያን መኪና ሙያ መናኸሪያ ነበረች። ሾፌሮቻችን «ኤንትሬ» የሚሉት የፊያት 682 የጭነት መኪና ዝርያም ፋብሪካው በ1952 እ.ኤ.አ. ማምረት የጀመረው፣ ከነጻነት በኋላ የመጣ ነው። በ1943 ዓ.ም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዓለም ባንክ ብድርና በአሜሪካውያን ባለሙያዎች እገዛ ሥራ ሲጀምር እንኳ ፍሪሲዮን ስሙን አልለወጠም። ቃሉ የኖረው ዕቃው እየታደሰ ስለኖረ ነው።

ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይፋግ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታወቀች የሲራራ ነጋዴ ገበያ ነበረች። ስለ ነጋዴዎቿና ስለ አጋሰሶቻቸው የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል፤ አጋሰሱን የተካውን የጭነት መኪና በሕይወት ስላቆዩት እጆች ግን እኛ አልጻፍንም። አሮጌ ሞተር ለቁርጥራጭ ብረት ሲሸጥ ቁጥሩም የእጅ አሻራውም አብሮ ይቀልጣል፤ ሽማግሌ መካኒክ ሲያርፍ መዝገበ ቃላቱ አብሮት ይቀበራል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ወደ ቤተ መዛግብት ከመሄዳችሁ በፊት በየከተማችሁ ወዳለው ጋራዥ ግቡ። ቁጥሩን ቅዱ፣ ቃሉን መዝግቡ፣ የጥገናውን ቅደም ተከተል ጠይቁ። እነዚህ ሰነዶች ሰው አንብቧቸው አያውቅም ማለት አይደለም፤ ያነበቧቸው ሰዎች ግን አልተጠየቁም።