አቅመስጂት፦ የሲምፈሮፖል ነባር ስም መነሻና ፍቺዎች

በክሪሚያ ባሕረ ገብ መሬት መካከል፣ በሳልጊር ወንዝ ዳርቻ ያለችው ከተማ ሁለት ስሞች አሏት። በዩክሬን የመንግሥት መዛግብትና በዓለም ካርታዎች ሲምፈሮፖል ትባላለች፤ የክሪሚያ ታታር ሙስሊሞች ግን ዛሬም አቅመስጂት ይሏታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሁለተኛውን ስም ነው። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

«አቅ» በቱርክ ቋንቋዎች ነጭ ማለት ነው። ተከታዩ ቃል ለአማርኛ አንባቢ ፍቺ አያሻውም፤ «መስጂድ» የወጣበት የዐረብኛው «ሰጀደ» ለግእዙ «ሰገደ» የሥር ወንድሙ ነውና። እንግዲህ ስሙ «ነጭ መስጂድ» ማለት ነው።

ነጩ መስጂድ የትኛው ነው? የተለመደው መልስ ከቢር ጃሚ የሚለው ነው። ይህ መስጂድ በ1508፣ በመንግሊ ጊራይ ኻን ዘመን የታነጸ ሲሆን፣ በከተማዋ እስከ ዛሬ ከቆሙት ሕንፃዎች በዕድሜ ይቀድማል። መልሱን ሐሰት ነው አንልም። ሆኖም በቱርክ ልማድ የጁሙዓ ኹጥባ የሚደረግበት ታላቅ መስጂድ «ጃሚ» ሲባል፣ «መስጂት» በአብዛኛው ለአነስተኛው የሰፈር መስገጃ የሚነገር ነው። ከዚህም በላይ ስሙ የአንዲት ከተማ ብቻ አይደለም። በክሪሚያ ምዕራባዊ ጠረፍ ሌላ አቅመስጂት ነበረ፤ በሲር ዳርያ ወንዝ ዳር፣ በዛሬዋ ካዛክስታን፣ ሦስተኛው ነበረ። ነጭ ግድግዳ በሜዳው ላይ ከሩቅ ስለሚታይ፣ መንገደኛው ቦታውን በዚያው የጠራው ይመስለናል። በቱርኮች ዘንድ ነጭ የንጽሕናም የምዕራብ አቅጣጫም ምልክት መሆኑን የሚያነሡ አሉ፤ ለዚህ ስም ግን ያን ያህል ርቆ መሄድ አያስፈልግም።

በኻናቱ ዘመን ኻኑ በባህቼሳራይ ሲቀመጥ፣ በማዕረግ ከእርሱ ቀጥሎ የነበረው ቃልጋ ሱልጣን መቀመጫውን በአቅመስጂት አድርጎ ነበር። ዳግማዊት ካተሪን በ1783 ክሪሚያን ወደ ሩሲያ ከጠቀለለች በኋላ፣ በ1784 ከተማዋ ሲምፈሮፖል ተባለች፤ በግሪክኛ «የጥቅም ከተማ» እንደ ማለት ነው። በዚያው ዘመን አቅያር ሴቫስቶፖል፣ ጎዝሌቬ የቭፓቶሪያ፣ ከፌም ፌዮዶሲያ ሆኑ። ንግሥቲቱ የቢዛንታይንን መንግሥት የማደስ ሕልም ነበራትና ስሞቹ የዚያ ሕልም ልብሶች ናቸው። እዚህ ላይ ግን ፍርዳችን ሚዛን ሊኖረው ይገባል። ፌዮዶሲያ በእርግጥ ጥንታዊ የግሪክ ስም ነው፤ ሲምፈሮፖል የምትባል ጥንታዊት ከተማ ግን አልነበረችም። ስሙ አዲስ ተፈጥሮ የጥንት መልክ የተሰጠው ነው። የካተሪን ልጅ ቀዳማዊ ፓቬል የእናቱን ሥራ ለመሻር ሲል ነባሩን ስም መልሶት ነበር፤ ተከታዩ ንጉሥ አሌክሳንደር እንደገና ሻረው።

የቀሩት ሁለቱ ነጭ መስጂዶችም ዕጣቸው ከዚህ አልተለየም። የሲር ዳርያው ምሽግ በ1853 በሩሲያ ጦር ተይዞ በያዘው ጄኔራል በፔሮቭስኪ ስም ተጠራ፤ ከ1925 ጀምሮ ደግሞ ክዝልኦርዳ ሆነ፤ «ክዝል» ቀይ ማለት ነው። የምዕራብ ክሪሚያው የባሰ ነው። ሜይ 18 ቀን 1944 በስታሊን ትእዛዝ የታታሮቹ መጋዝ ተጀመረ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ180,000 የሚበልጡ ሰዎች በባቡር ተጭነው በብዛት ወደ ኡዝቤኪስታን ተወሰዱ። በዚያው ዓመት ያ አቅመስጂት «የጥቁር ባሕር» በሚል ፍቺ ቾርኖሞርስኬ ተባለ። በተከታዮቹ ዓመታት የብዙ መቶ መንደሮች ስም እንዲሁ ተለወጠ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተመለሱት ቤተሰቦች የአባቶቻቸውን መንደር ስም በምልክት ሰሌዳ ላይ አላገኙትም።

ጉዳዩ የእኛንም ሙያ ይነካል። የክሪሚያ ኻናት የቃዲ መዝገቦች አቅመስጂትን፣ ጎዝሌቬንና ከፌን እንጂ ሲምፈሮፖልን አያውቁም። አዲሱን ስም ብቻ የያዘ ተመራማሪ አንድ ውቅፍ የትኛው ከተማ እንደነበረ፣ አንድ ኢማም ከየት እንደመጣ ከመዝገቡ ለይቶ ማወቅ ይሳነዋል። ስለዚህ ከ1784 በፊት ስላለው ዘመን ስንጽፍ አቅመስጂት የሚለውን እናስቀድማለን፤ ሲምፈሮፖልን በቅንፍ እናስከትላለን።